ኮረንቲና ፍሳሽ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ

የከተማችን ሕንፃዎች ወደ ላይ የሚያድጉትን ያህል ወደ ታችም እየወረዱ ነው፡፡ መኪና ማቆሚያው፣ መጋዘኑ፣ የጥበቃ ሠራተኞች መታጠቢያው፣ አልፎ አልፎም ካፌው ሳይቀር ከመንገዱ ወለል በታች ይሠራሉ፡፡ ይሁንና ከመንገድ በታች የተሠራ ሽንት ቤት አንድ የማይቀር ጥያቄ ያስነሣል፡፡ ፍሳሹ በምን ኃይል ወደ ላይ ይወጣል? መልሱ በፓምፕ ነው፡፡ ፓምፑን የሚያዝዘው ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የብረት ሳጥን ነው፡፡ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ስለዚህ ሳጥን ነው፡፡

የሕግ ሰው ስለ ፓምፕ ሽቦ ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፡፡ ጉዳዩ የሚያገባኝ በሁለት ምክንያት ነው፡፡ አንደኛ፣ በምኖርበት የጋራ ሕንፃ የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ አባል እንደመሆኔ፣ የጥገና ውል ላይ ከሚፈርሙት ሰዎች አንዱ ነኝ፡፡ ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ሳጥን ሰው በጎዳ ጊዜ ጉዳዩ ከኤሌክትሪክ ባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፡፡ እዚያ የሚጠየቀው ደግሞ ሽቦውን ማን ቀጠለው የሚለው ብቻ አይደለም፡፡ ማን ያውቅ ነበር? ማንስ ማወቅ ይገባው ነበር? የሚለውም ነው፡፡

አንባቢ ይህን ጽሑፍ ይዞ ራሱ ሽቦ እንዲቀጥል አልመክርም፡፡ ሥራው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፡፡ ዓላማዬ ሕንፃ የምናስተዳድር፣ ቢሮ የተከራየን፣ የኮሚቴ ደረሰኝ ላይ የምንፈርም ሰዎች ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን ለማሳየት ነው፡፡

ፓምፑ ለምን አስፈለገ?

አዲስ አበባ ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተዳፋት ጀምራ ወደ አቃቂ ሜዳ ድረስ የምትወርድ ከተማ ናት፡፡ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሄደው የፍሳሽ መስመርም በአብዛኛው ይህንኑ ተዳፋት ተከትሎ በራሱ ስበት ይፈሳል፡፡ ከመንገዱ መስመር በላይ ያለ ቤት እንግዲህ ፓምፕ አያስፈልገውም፡፡ ከመስመሩ በታች ያለ ወለል ግን ፍሳሹን መጀመሪያ ወደ አንድ ጉድጓድ ይሰበስባል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የተነከሩ ፓምፖች ደግሞ ወደ ላይኛው ፖዜቶ ይገፉታል፡፡ ከዚያ በኋላ ያለው የስበት ሥራ ነው፡፡

ጉድጓዱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፓምፖች ይቀመጣሉ፡፡ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ ይሆናል፤ በየተራም ይቀያየራሉ፡፡ ተራ የሚገቡት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ለወራት ሳይነሣ የተቀመጠ ፓምፕ በተፈለገ ቀን ተጣብቆ ሊገኝ ይችላልና፡፡

ትዕዛዙን ለሳጥኑ የሚያቀብሉት ፍሎት የሚባሉት ተንሳፋፊ ማብሪያዎች ናቸው፡፡ ፍሎት ማለት በገመድ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ኳስ መሰል ነገር ሲሆን፣ ፍሳሹ ሲያነሣው ውስጡ ያለው ማብሪያ ይገናኛል ወይም ይለያያል፡፡ በተሟላ ሥራ አራት ፍሎቶች በአራት ከፍታ ይሰቀላሉ፡፡ የታችኛው «አቁም» ይላል፡፡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ፓምፕ ያስነሣል፡፡ ሦስተኛው፣ አንዱ ፓምፕ ካልቻለ ሁለተኛውን ይጨምራል፡፡ አራተኛው የማስጠንቀቂያ ደወሉን ያሰማል፡፡ የ«አቁም» ከፍታ እንደነገሩ የሚወሰን አይደለም፡፡ ብዙዎቹ የተነካሪ ፓምፕ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በከበባቸው ፈሳሽ በመሆኑ፣ ፓምፑ ራቁቱን ቀርቶ እንዲሽከረከር የሚፈቅድ ፍሎት ሞተሩን ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል፡፡

ሦስት አደጋዎች

የመጀመሪያው አደጋ ኮረንቲ ነው፡፡ የረጠበ ሰው አካል ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ ወደ 1 ሺሕ ኦም ገደማ ይወርዳል እንበል፡፡ 220 ቮልት በ1 ሺሕ ኦም ሲካፈል 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል፡፡ ከ10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጀምሮ ጡንቻ ይቆለፋል፤ የያዘው ሰው መልቀቅ ያቅተዋል፡፡ 30 ሲደርስ መተንፈስ ያስቸግራል፡፡ ከ50 በላይ ሲሆን የልብ ምት ሊዛባ ይችላል፡፡ አሁን ይህን ከተለመደው የ16 አምፔር ብሬከር ጋር እናነጻጽረው፡፡ 16 አምፔር ማለት 16 ሺሕ ሚሊ አምፔር ነው፡፡ ሰውየው በ220 ሚሊ አምፔር ተይዞ ሲንቀጠቀጥ ብሬከሩ ምንም አልሰማም፡፡ «ብሬከር አለው» የሚለው መልስ እንግዲህ ሰውን አያድንም፤ ተራ ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፡፡

ሁለተኛው አደጋ ጋዝ ነው፡፡ ፍሳሽ ሲብላላ ሚቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመነጫል፡፡ ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፡፡ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲሆን፣ ተንኮሉ መጠኑ ሲጨምር ማሽተታችንን ማደንዘዙ ነው፡፡ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 100 ያህሉን ሲይዝ አፍንጫ መሽተቱን ያቆማል፤ ከ500 በላይ ሲሆን ሰውን በደቂቃዎች ሊጥል ይችላል፡፡ «ሽታው ጠፍቷልና ግባ» የተባለ የቀን ሠራተኛ ወደ ሞት ተልኮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፡፡ ከአየር ስለሚከብድም ከጉድጓዱ ታች ይተኛል፡፡

ሦስተኛው አደጋ ፍሳሹ ራሱ ነው፡፡ ሳጥኑ ሲከሽፍ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ መኪና ማቆሚያው ይፈሳል፤ እዚያ ደግሞ ሶኬትም፣ የጀነሬተር ገመድም፣ አንዳንዴም የሊፍት ጉድጓድ አለ፡፡ ሦስቱ አደጋዎች እንዲህ አንዱ ሌላውን ይጎትታሉ፡፡

ሳጥኑ ውስጥ ምን መኖር አለበት?

ከመስመሩ መግቢያ እንጀምር፡፡ መጀመሪያ ሁሉንም የሚያቋርጥ፣ ቁልፍ ሊገባበት የሚችል ዋና ማጥፊያ ይኖራል፡፡ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፓምፕ የየራሱ ብሬከር፣ ኮንታክተርና ኦቨርሎድ ይገባል፡፡ ኮንታክተር ማለት በትንሽ ትዕዛዝ ትልቁን ኮረንቲ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው፡፡ ኦቨርሎድ ደግሞ ሞተሩ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ውጦ ሲጨናነቅ፣ ከመቃጠሉ በፊት የሚያጠፋው ነው፡፡ ኦቨርሎዱ የሚስተካከለው በሞተሩ ታርጋ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ ነው፡፡ ለምሳሌ ባለ 2.2 ኪሎ ዋት ሦስት ፌዝ ሞተር በ380 ቮልት 5 አምፔር ገደማ ይስባል፡፡ «እየጠፋ አስቸገረኝ» ብሎ ወደ 9 የሚያዞረው ሰው ችግሩን አልፈታም፤ ጠባቂውን አሰናበተው እንጂ፡፡

ሦስት ፌዝ በሚሠራበት ቦታ ፌዝ ተቆጣጣሪ የምትባል ትንሽ ዕቃም የግድ ታስፈልጋለች፡፡ በእኛ ከተማ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ አንድ ፌዝ የጠፋበት ሞተር በቀሩት ሁለቱ ላይ ከልኩ በላይ እየሳበ ይግላል፡፡ የመስመር ጥገና ከተደረገ በኋላም የፌዞቹ ተራ ተለዋውጦ ሊመጣ ይችላል፡፡ ያን ጊዜ ፓምፑ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ፍሳሹ ግን በቅጡ አይወጣም፡፡ ተቆጣጣሪዋ ሁለቱንም ለይታ ፓምፑ እንዳይነሣ ታደርጋለች፡፡

ሰውን የሚጠብቀው ክፍል ሁለት ነገር ነው፡፡ አንዱ የመሬት መስመር ነው፡፡ ከፓምፑ አካል ተነሥቶ እስከ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑም እስከ ሕንፃው የመሬት ዘንግ ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት፡፡ የሳጥኑ በርም ጭምር በመሬት መስመር መያያዝ ይኖርበታል፡፡ ሌላው አርሲዲ የሚባለው ብሬከር ነው፡፡ የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ እኩል መሆኑን እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊ አምፔር ያህል በሌላ መንገድ ሲያመልጥ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል፡፡ ለሁለቱም ፓምፕና ለደወሉ አንድ አርሲዲ ብቻ ማድረግ ግን ስህተት ነው፡፡ አንዱ ፓምፕ ሲያፈስ ሁለቱም ይቆማሉ፤ መቆማቸውን የሚናገረው ደወልም አብሮ ዝም ይላል፡፡ ለእያንዳንዱ ለየብቻው መሆን አለበት፡፡ ደወሉም ከፓምፖቹ በተለየ መስመር፣ ቢቻል በባትሪ ተደግፎ ሊሠራ ይገባል፡፡

ፍሎቶቹን በተመለከተ፣ ብዙ ቦታ 220 ቮልት በቀጥታ ወደ ፍሎት ሲላክ ይታያል፡፡ ሥራው ይሠራል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፡፡ ነገር ግን የፍሎት ገመድ ቀን ከሌሊት በፍሳሽ ውስጥ የሚኖር፣ ከግድግዳ ጋር የሚፋተግ ገመድ ነው፡፡ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ዕለት ጉድጓዱ በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል፡፡ በመሆኑም የትዕዛዝ መስመሩ በትራንስፎርመር ወደ 24 ቮልት ወርዶ ከዋናው መስመር ተለይቶ መሄድ አለበት፡፡ ጋዝ በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ደግሞ ይህም ብቻውን አይበቃም፡፡ ወደ ፍሎቱ የሚሄደውን ኃይል ብልጭታ ሊፈጥር ከማይችልበት መጠን በታች የሚይዝ ልዩ ሪሌ አለ፡፡ ዋጋው ከፍ ቢልም ሚቴን ካለበት ቦታ ቦታው እሱ ነው፡፡ ፓምፑም ለፈንጂ አካባቢ የተፈቀደ ዓይነት መሆኑ በታርጋው ላይ ሊታይ ይገባል፡፡

ገመዱ ከጉድጓድ እስከ ሳጥን

እኔ ካየኋቸው ጉድለቶች ብዙዎቹ ያሉት ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ከሳጥኑ እስከ ጉድጓዱ ባለው መንገድ ላይ ነው፡፡ የፓምፑ ገመድ ከሞተሩ ተነሥቶ ሳይቀጠል ከጉድጓዱ መውጣት አለበት፡፡ ገመዱ አጭር ሆነና መካከል ላይ ተቀጥሎ በናስትሮ ከተጠቀለለ፣ ናስትሮው ለጥቂት ወራት ያገለግል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን እርጥበቱ መንገዱን ያገኛል፡፡ መቀጠል ግድ ከሆነ ከጉድጓዱ ውጪ፣ ከጎርፍ ከፍታ በላይ በተሰቀለ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይሁን፡፡

ገመዶቹ የሚያልፉበት ቱቦም ክፍት አፍ ሊኖረው አይገባም፡፡ ቱቦው ጉድጓዱንና ሳጥኑን ያገናኛል፤ ጋዙም በዚያው ቱቦ ተጉዞ ኮንታክተር በየጊዜው ብልጭ ወደሚልበት ሳጥን ይደርሳል፡፡ ስለዚህ አፉ በተገቢው ማሸጊያ መደፈን አለበት፡፡ ገመድ የሚገባባቸው የሳጥኑ ቀዳዳዎችም እያንዳንዳቸው የገመዱን ውፍረት በያዘ ማጥበቂያ መዘጋት ይኖርባቸዋል፡፡ ሳጥኑ ራሱ ጉድጓዱ አናት ላይ ሳይሆን አየር በሚያገኝ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ይሰቀል፡፡

ያልተነገረው ንዝረት

እነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያሉ ጥንቃቄዎች አይደሉም፡፡ ወደ ኮሚቴው በገባሁ ሰሞን ወደ ታችኛው ወለል ወርጄ ነበር፡፡ የጥበቃ ሠራተኛችን የሳጥኑን አረንጓዴ ቁልፍ የሚጫኑት በእጃቸው አልነበረም፡፡ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ነበር፡፡ «አባባ፣ ለምንድን ነው በእንጨት የሚጫኑት?» ብዬ ጠየቅኋቸው፡፡ «ይነዝራላ፣ ጋሼ» አሉኝ፤ እንደ ተራ ነገር፡፡ ለምን ለኮሚቴው እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸውም፣ «ፍሳሹ ከወጣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ ብዬ ነው» አሉ፡፡

ባለሙያ ጠርተን ሲመረመር የተገኘው ይህ ነው፡፡ የአንዱ ፓምፕ ገመድ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀጥሎ ነበር፤ ቅጥያው ረጥቦ ኮረንቲ ያፈሳል፡፡ አርሲዲው በትክክል ሥራውን ሠርቶ ደጋግሞ አቋርጧል፡፡ ቀድሞ ይጠግን የነበረው ሰው ታዲያ የሚያፈሰውን ገመድ ከመፈለግ ይልቅ አርሲዲውን አልፎ በቀጥታ አገናኝቶታል፡፡ የመሬት መስመሩም በአንድ ጥገና ወቅት ተቆርጦ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል፡፡ ሦስት ስህተቶች ተራ በተራ ተደራርበው፣ በአንድ ሰው ሕይወትና በሞቱ መካከል የቀረው አንድ የመጥረጊያ እንጨት ነበር፡፡ ፓምፑ ግን በእነዚያ ወራት ሁሉ «በደንብ ይሠራ» ነበር፡፡ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው፡፡

የሚያፈስ ገመድን ለማወቅ ዘዴው ከባድ አይደለም፡፡ ሜገር በሚባለው መሣሪያ በ500 ቮልት የገመዱና የሞተሩ ሽፋን ይለካል፡፡ ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ገመዱ ወይም ሞተሩ ታሟል፡፡ ልኬቱ በየዓመቱ ተመዝግቦ ቢቀመጥ፣ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ሲወርድ አይተን አደጋ ከመድረሱ በፊት መለወጥ እንችላለን፡፡

መብራት ሲጠፋ ያለው ወጥመድ

ስለ ጥገና አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፡፡ በእኛ አገር ጥገና የሚጀመረው ብዙ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው፤ «አሁን ኮረንቲ የለም» ተብሎ፡፡ ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው፡፡ የፍሳሽ ፓምፕ የሚታዘዘው በፍሎት በመሆኑ መብራቱ ሲመለስ ወይም ጀነሬተሩ ሲነሣ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሣል፡፡ እንዲነሣም ነው የተሠራው፡፡ እጁን ፓምፑ ውስጥ ያስገባ ሰው ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ አያገኝም፡፡ ጉድጓዱን ሲያጸዳ ፍሎቱን በእጁ ያነሣ ሰውም ሳያውቀው ፓምፑን አስነሥቷል ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፡፡ ዋናው ማጥፊያ ይጠፋል፤ በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉ የሚሠራው ሰው ኪስ ይገባል፤ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል፡፡ ከዚያም ኮረንቲ አለመኖሩ በመለኪያ ይረጋገጣል፡፡ የደወሉ መስመር ከሌላ ብሬከር የሚመጣ በመሆኑ፣ ዋናው ቢጠፋም ሳጥኑ ውስጥ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ ሊቀር ይችላል፤ ይህም በበሩ ላይ በአማርኛ መጻፍ አለበት፡፡ ወደ ጉድጓዱ መግባት ደግሞ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፡፡ ፓምፑ በሰንሰለት ወደ ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ከተሠራ ሰው መውረድ አያስፈልገውም፡፡ መውረድ ግድ ከሆነ ግን ጋዝ ሳይለካ፣ አየር ሳይነፋ፣ በገመድ ሳይታሰርና ከላይ የሚጠብቀው ሳይኖር ማንም እንዲወርድ መፍቀድ አይገባም፡፡ ከላይ ያለውም የወደቀውን ለማዳን ተከትሎ ዘሎ እንዳይገባ ቀድሞ ይነገረው፡፡

ሕጉስ ምን ይላል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፡፡ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ ሳጥን የሕንፃው አካል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ በእኔ እምነት ግን ከሕንፃው ጋር ተያይዞ ሕንፃውን የሚያገለግል ነገር ከዚህ የሚያመልጥ አይመስለኝም፡፡ አንቀጽ 2031 ደግሞ ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፡፡ አርሲዲን አልፎ በቀጥታ ያገናኘ ሰው «ደንበኛው ፓምፑ ይሥራልኝ ብሎኝ ነው» ቢል ይህን አንቀጽ አያልፍም፡፡ የሰው ሕይወት ከጠፋም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል፤ የሌላውን ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆንም ቅጣቱን ያከብደዋል፡፡ በቅጥር የሚያሠራ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፡፡

የጋራ ሕንፃ ነዋሪዎች እዚህ ላይ ልብ ልንል ይገባል፡፡ ፓምፑ የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ «የኮሚቴው ጉዳይ ነው» እንላለን፡፡ ኮሚቴው ደግሞ የእኛው ተወካይ ነው፡፡ ካሣው የሚከፈለውም ከጋራው ኪስ ነው፡፡ ካሣ ቢከፈልም ግን የሞተ ሰው አይመለስም፤ ሕግ የሚደርሰው ከአደጋው በኋላ ነውና፡፡

ከመፈረማችን በፊት

እንግዲህ የጥገና ወይም የተከላ ውል ሲቀርብልን፣ የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት እንዲሟሉ በውሉ ላይ ልናሰፍራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፡፡

አንደኛ፣ የሽቦው ንድፍ ተሥሎ አንድ ቅጂ በሳጥኑ በር ውስጥ፣ ሌላው በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ፡፡ ሁለተኛ፣ የሜገርና የመሬት መስመር ልኬት በቁጥር ተጽፎ፣ በባለሙያው ፊርማ ይቅረብ፡፡ ሦስተኛ፣ አርሲዲዎቹ መፈተኛ ቁልፋቸው በፊታችን ተጭኖ ሲያቋርጡ እንይ፤ ከዚያም በየወሩ ይፈተኑ፡፡ አራተኛ፣ አራቱም ፍሎቶች በየተራ ተነሥተው ፓምፖቹ ሲነሡ፣ ሲቆሙና ደወሉ ሲጮህ በተግባር ይታይ፡፡ አምስተኛ፣ አንድ ፌዝ ሆን ተብሎ ተቋርጦ ፓምፑ አልነሣ ማለቱ ይረጋገጥ፡፡ ስድስተኛ፣ ለጥበቃ ሠራተኛው ደወሉ ሲጮህ ለማን እንደሚደውል፣ ሳጥኑ ሲነዝርም ዝም እንዳይል በግልጽ ይነገረው፡፡

የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፡፡ እኛ ሕንፃ ውስጥ አደጋው የታወቀው በመሣሪያ ሳይሆን አንድ ሰው በመጠየቁና ሌላው በመመለሱ ነው፡፡ የሜገሩ ልኬት አሁን በየዓመቱ ይመዘገባል፤ ቅጥያው ተወግዶ ሙሉ ገመድ ገብቷል፡፡ ያወጣነው ገንዘብ ለእያንዳንዱ አባወራ ሲካፈል የአንድ ወር የመኪና ጥበቃ ክፍያ እንኳ አልሞላም፡፡ አንባቢም ነገ ወደ ቢሮው ሲገባ ከሊፍቱ በፊት አንድ ወለል ዝቅ ብሎ ሳጥኑን ቢያይ፣ ሠራተኛውንም «ይነዝራል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!